የውጤት ቀን በርጩማ

አጎቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር በርጩማቸውን ሆሳዕና ባለው ግቢያችን በር ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ቤት አዙረው ይቀመጡ ነበር። ውጤት ጠያቂ ጎረቤት ለመከልከል ይመስለኝ ነበር።

እኔ የወደቅኩ ቀን፣ "ጋሼ፣ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ" አልኳቸው።

"ፈተና ለከርሞም አለ፤ አንተ ግን አንድ ነህ። በል ብላ" አሉኝ።

ቀረሁ፤ ዛሬ ዲግሪ ይዤ አስተምራለሁ። አብሮኝ የወደቀው ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት በደላላ ወጣ፤ እናቱ እስካሁን ይደውላል ብለው ይጠብቃሉ።

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያው ውጤት ዛሬ ወጣ። ታናሽ ወንድሜ አላለፈም፤ ምግቡን ሳይነካ ስለ ደቡብ አፍሪካ መንገድ በስልክ ሲጠይቅ ሰማሁት። በርጩማውን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ እሳቸው ፊቴን ወደ ቤት አዞርኩ። ለካ የሚጠብቁት እኛን ነበር።

"ፈተና ለከርሞም አለ..." ብዬ ቃላቸውን ጀመርኩለት። ወንድሜ ጫማውን እያሰረ ነው።