ልጆቹ አለፉ?

ትናንት ያሰጣሁትን ነጭ አንሶላ ዛሬ ጠዋት ላነሳ ስወጣ ጥቁር ብናኝ ሰፍሮበት አገኘሁት። በጣቴ ስነካው ተፈረካከሰ፤ አሸተትኩት። የተቃጠለ ሸንኮራ ነው። ነፋሱ ከወንጂ በኩል ሲመጣ አዳማ ድረስ ይደርሳል። ጎረቤቴ ልብሷን ባበላሸባት ቁጥር ትራገማለች። እኔ ግን መራገም አይሆንልኝም። ይህ ሽታ ሲመጣ ዓይኔን እንባ ይሞላዋል።

ያደግሁት እዚያው ወንጂ፣ በሸንኮራ መሀል ባለ የሠራተኞች ካምፕ ነው። አባቴ ለጉልበት ሥራ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። ሸንኮራ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ አለበለዚያ የቆራጩን ፊትና እጅ ይተለትለዋል። እሳቱን ከሚለኩሱት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ናፍጣ የጠጣ ችቦ ይዞ ከማሳው ጥግ ይቆማል።

በካምፓችን ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። አምስተኛን የፈለገ ወደ ትልቁ ካምፕ መሄድ አለበት። መንገዱ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ሸንኮራ ነው። እናቴ ይህን መንገድ ፈራችው። «ሴት ልጅ በዚህ ጫካ መሀል አትመላለስም። ስሟን መጻፍ ችላለች፣ ይበቃታል» አለች። እኔ ጥግ ይዤ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ትሂድ። እኔ አያታለሁ» አለ።

ያለውንም አደረገው። ከቦዩ መንገድ ወጥቼ ሸንኮራው ውስጥ እንዳልገባ አስጠነቀቀኝ፤ እሱ የቆመበትን ጥግ ሳልፍም እጄን ከፍ እንዳደርግ ነገረኝ። እጄን ሲያይ ችቦውን ከፍ ያደርግልኛል። የካምፑ ልጆችም ለመዱት። ሁላችንም እጃችንን እያነሳን እናልፋለን፣ እሱም አንድ በአንድ በዓይኑ ይሸኘናል። የሚለኩሰው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቱ ከጀርባችን ሲንጣጣ እንሰማለን፤ ፀሐይዋ በጭሱ ውስጥ ቀልታ ትወጣለች። ክፍል ገብተን እንኳ ጠጉራችን የተቃጠለ ስኳር ይሸት ነበር።

አንድ ቀን እንደልማዳችን እጃችንን አነሳን። አባቴ ግን ችቦውን አላነሳም።

«ጓደኛሽስ?» አለኝ። የጎረቤታችንን ልጅ ማለቱ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው።

«ቀድማን ሄዳለች መሰለኝ።»

«በዚህ አላለፈችም።»

የሥራው አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ከወዲያኛው ጥግ ጮኸ። «ምን ትጠብቃለህ? ነፋስ ሊነሳ ነው፣ ለኩስ!»

«አንዲት ልጅ ጎድላለች፣ አለቃ።»

«ቤቷ ተኝታ ይሆናላ! የማስጠንቀቂያው ፊሽካ ተነፍቷል፣ የሰማ ወጥቷል። ለኩስ አልኩህ!»

 አባቴ ጎንበስ ብሎ ችቦውን ቦዩ ውስጥ ነከረው። ቸስ ብሎ ጠፋ። ካቦው ከሥራ እንደሚያባርረው እየዛተ እየሮጠ መጣ። ከሥራ መባረር ከካምፑ ቤት መውጣት ጭምር መሆኑን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። 

ካቦው ተናግሮ ሳይጨርስ ሸንኮራው ተንኮሻኮሸ። ልጅቷ ከውስጥ ወጣች። ስለረፈደባት በመሀል ልታቋርጥ ገብታ፣ አቅጣጫው ጠፍቶባት ስትዞር ቆይታለች። ዩኒፎርሟ ተቀዷል፣ ጉንጮቿ ተጫጭረዋል፤ በእጇ ግን ግማሹ የተጋጠ ሸንኮራ ይዛ ነበር። ልጅ ምን ጊዜም ልጅ ነው።

 ካቦው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣትም። ከጠጉሯ ላይ ደረቅ ቅጠል እየለቀመላት «ሂጂ የኔ ልጅ፣ ደወሉ እንዳያመልጥሽ» አላት። 

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወሬው ቀድሞን እናቴ ዘንድ ደርሷል። አለቀልኝ አልኩ፤ ትምህርቴ እዚያ ላይ የተቋጨ መሰለኝ። ሲነጋ ግን ዩኒፎርሜን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «እጅሽን ከፍ አድርጊ። በደንብ ከፍ አድርጊ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በእኛ በኩል ልጆች ሳያልፉ እሳት አይለኮስም ነበር። ካቦው ራሱ «ልጆቹ አለፉ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ተማርኩ፣ አዳማ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። እናቴ ስትሞት አባቴን ወደ እኔ አመጣሁት። እኔም በተራዬ እናቴን ሆኜ አረፍኩት፤ ልጄን በእግሯ አልክም አልኩ። ትምህርት ቤቷ ቅርብ ነው። ቢሆንም በዚህ ሁሉ ባጃጅና አይሱዙ መሀል ማንን አምኜ? የኮንትራት ባጃጅ ሸራውን ዘግቶ ከበሬ አንስቶ ይወስዳት ነበር።

አባቴ ያኔ መርሳት ጀምሮታል። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ይቀመጣል።

«ልጆቹ አለፉ?» ይለኛል።

«አልፈዋል፣ አባዬ።»

«አላየሁም።»

ፀሐይዋ አናቱ ላይ እስክትወጣ ግባ ቢሉት አይገባም። ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ አልቅሼም አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ቤንዚን ጠፋና ባጃጁ ቀረ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ «በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «መንገዱ ጥግ ጋ ስትደርሺ ዞር በይና ለአያትሽ እጅሽን ከፍ አድርጊለት» አልኳት። ለምን እንዳልኳት በቅጡ አላወቅኩትም። ጥጉ ጋ ደረሰች፣ ዞረች፣ እጇን ከፍ አደረገች።

አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። ጣቶቹን ጨብጦ ክንዱን ወደ ላይ አነሳ። ከዚያም ከጎኑ ወዳለ፣ እኔ ወደማላየው ሰው ዞር ብሎ «አልፋለች። ለኩሱ» አለ። ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ።

ባለባጃጁ በማግሥቱ ሲመጣ አሰናበትኩት። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። አባቴን ግን ከዚያ ወዲያ ፀሐይ አልመታውም።

ዓምና አረፈ። ልጄ አሁንም ጥጉ ጋ ስትደርስ ትዞራለች። ዛሬ ጠዋትም ዞራ እጇን አነሳች። አመድ የሰፈረበትን አንሶላ በክንዴ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ እኔም አነሳሁላት። «ለኩሱ» የሚል ግን የለም።