ማተቤ ላይ ያሰርሁት ብሮውዘር

የመውጫዬን ሌሊት ከደስታዬ ብዛት ስገላበጥ አደርሁ እንጂ የወጣሁትስ በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደተኛ በጨለማ ተደብቆ ይወጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን በገበያ ቀን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ተጠቅልዬ፣ ከግመል ነጂዎች መሀል ገብቼ የመተማን ድልድይ ወደ ጋላባት ተሻገርሁ። ፖሊሱ ያየው ግመሎቹን ነበር።

ካርቱም ስደርስ ደጋ ያደጉት ሲያለከልኩ እኔ የመተማዋ ልጅ «ይቺም ሙቀት ናት?» እያልሁ ተጀነንሁ። ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራ አላቸው፤ ዓይን የለውም፣ ይኮመጥጣል፣ ሆኖም ሲርብ ይበላል። ሰዉ ሳያውቅሽ «ነይ ብይ» ይልሻል፣ በዚህስ አገሬን አስታወሰኝ። ልብስ ሰፊ ሆንሁ። ቆይቼም የራሴን መኪና ገዛሁ፤ ስፌት መኪና ማለቴ ነው፣ አትደንግጡ።

ደይም በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ጋሽ አያሌው የተባሉ የሳንጃ ሰው ኢንተርኔት ቤት አላቸው። ዓርብ ዓርብ ከመተማ፣ ከአብርሃ ጅራና ከአብደራፊ የመጣን ሁሉ እዚያ እንሰበሰባለን። ችግሩ ኮምፒውተሮቹ አይረሱም። አንድ ፊደል ስትነኪ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው የፈለገውን ይዘረግፉልሻል፤ ሰዉ ደግሞ ደብዳቤውን ሳይዘጋ ይነሳል። የተረፈውን ያነበበ ለሹፌር ይነግራል፣ ሹፌሩ ገዳሪፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ መተማ ለመግባት ምን ይቀረዋል?

እኔ ደግሞ የምደብቀው ነበረኝ። ሙላት ይባላል፣ አብደራፊ የትራክተር ሹፌር ነው። ሰሊጡ ሲሰበሰብ ሽማግሌ ወደ አባቴ ሊልክ ተስማምተናል። አባቴ የልጃቸውን ነገር ከሽማግሌ አፍ ቀድመው ከመንገድ ከሰሙ አበቃ፤ የታላቅ እህቴን ፈላጊ በዚሁ ምክንያት ከደጃፍ መልሰውታል። ስለዚህ ሽማግሌው እስኪቀመጥ ድረስ ማንም እንዳይሰማ ነበር ጭንቀቴ።

መድኃኒቱን ያመጣችልኝ ዘሃራ ናት፤ የመተማ ነጋዴ ልጅ፣ እዚህ ኮምፒውተር የምትማር። ፍላሽ ላይ የሚኖር ብሮውዘር ሰጠችኝ። ትሰኪዋለሽ፣ ታወሪያለሽ፣ ነቅለሽ ትሄጃለሽ፤ ኮምፒውተሩ መምጣትሽንም አያስታውስ። የመጀመሪያው ግን እንደ ኤሊ ይጎተት ነበር፤ አማርኛውንም ሣጥን ሣጥን አድርጎ ያሳየኛል። ሙላት «ናፈቅሽኝ» ቢል ለእኔ የሚደርሰኝ ሰልፍ የያዘ ሣጥን ነው።

አንድ ዓርብ ዘሃራ የብሮውዘሩ አዲስ ስሪት ወጣ ብላ እየሮጠች መጣች። ጭና ሰጠችኝ፤ ብከፍተው ቦግ አለ። ፊደሉ ጥርት! አንድ ቁልፍም አለው፣ ስትጫኚው አዲስ ሰው ያደርግሻል፤ ያለፈውን ሁሉ ረስቶ እንደገና ይጀምራል። እኔ አዲስ ሰው ለመሆን ድንበር መሻገሬ አሳቀኝ። በዚያ ሰሞን ቤቴ ገብቼም የሙላትን ቀልድ እያስታወስሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። አከራዬ ሐጃ በሩን አንኳኩ።

«ክፍሉን ያከራየሁሽ ለአንድ ሰው ነው፤ ከማን ጋር ነው የምትስቂው?»

«ከራሴ ጋር ነው ሐጃ።»

«እንግዲያውስ ቀስ ብላችሁ ሳቁ» ብለውኝ ሄዱ።

ፍላሹ እንዳይጠፋብኝ ማተቤ ላይ፣ ከመስቀሌ ጎን አሰርሁት። ዘሃራ «እኔስ ማተብ የለኝም፣ የት ልሰረው?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ግን አይተው እንደኔው አሰሩ። እኔም አምሮብኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ጋሽ አያሌው ጠሩኝ።

«ገነት፣ ሽማግሌው መቼ ነው?»

ክው አልሁ። ማን ነገረዎት ብላቸው ሳቁ። «ማን ይነግረኛል? ፍላሽ ማተቧ ላይ ያሰረች ልጅ የምትደብቀው ሰው እንዳላት ማን ያጣዋል? ሰፈሩ ሲያወራ ነው የከረመ። የገዳሪፉ ሹፌርም ሰምቶ ዛሬ ጧት ሄደ።»

ብሮውዘሩ ምስጢሬን ጠብቆልኝ አንገቴ አወጣው። ወዲያው ለሙላት ጻፍሁለት፤ አዝመራውን አትጠብቅ፣ አሁን ላክ አልሁት። ሰሊጥ ቶሎ ካልተሰበሰበ ይረግፋል፣ ጌታውም ይቆጣል፤ እሱ ግን ትራክተሩን እማሳው መሀል አቁሞ ሽማግሌ ፍለጋ ሄደ።

ከቀናት በኋላ ጭንቁ ሲበዛብኝ ለአባቴ ደወልሁ። አባቴ እንደ ድንበር ሰው ሁሉ የሱዳን ሲም አላቸው። በእኛ ሰፈር ከውጭ የሚደወል ስልክ የሁሉም ነው፤ ስፒከሩ ይከፈታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል።

«ሽማግሌዎችሽ መጥተዋል» አሉ አባቴ። «ተቀምጠው እያወራን ነው አንድ ሹፌር ወሬ ይዞ ከበር የደረሰ። ዘገየህ፣ ሰምተናል ብዬ መለስሁት።»

ከወዲያ ሳቅ ሆነ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። እልልታው ጆሮዬን አደነቆረው። ከዚያ ቀስ ብለው «ጥር እንደግሳለን። ሙላትም አብደራፊ ቤት ሊሠራልሽ ነው አሉኝ። ትመጫለሽ አይደል፣ ገነትዬ?» አሉኝ።

እኔ እኮ ለሁለት የምትበቃ ክፍል ሐጃን ጠይቄ ጨርሻለሁ። ስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበትን ጥግ ሳይቀር አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ወሬ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ፣ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ አንድም ቀን አልተጠያየቅንም። ሙላት እኔ የምመለስ መስሎታል፣ ለእኔ ደግሞ የሚመጣው እሱ ነበር።

«ገነትዬ?» አሉ አባቴ። እልልታው ቆሟል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይጠብቀኛል።

«አባዬ፣ አይሰማኝም» አልኋቸው። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።