በእማዬ እጅ ልክ

አባቴ በሕይወቱ ያልለካው ነገር የለም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ የሚወርደው ሲታጠብና ሲተኛ ብቻ ነው፤ ሲተኛም የሚያወርደው እማዬ ተቆጥታ ነው። ሰላም ብሏችሁ እጃችሁን ሳይለቅ ትከሻችሁን በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። ታናሽ እህቴ እጮኛዋን ቤት ያመጣች ቀን ሁላችንም የልጁን ጠባይ ስናጠና፣ እሱ ግን «ግራ ትከሻው በሁለት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ሌላ አስተያየት አልነበረውም።

እናቴ ደግሞ ምንም ነገር ለክታ አታውቅም። ከቤታችን ኋላ ያለው ጓሮ የእሷ ግዛት ነው። አሥራ አንድ ዶሮዎች፣ አራት ዳክዬዎችና ለሥጋ የምታረባቸው ስድስት ጥንቸሎች አሏት። መኖአቸውን ራሷ ታቀናብራለች፤ የተዘጋጀ መኖ በጆንያ ግዢ ሲሏት «ሲቀላቀል አጠገቡ ነበርሽ?» ብላ ትጠይቃለች። አሠራሯ እንዲህ ነው። የተፈጨ በቆሎ ባልዲው ላይ በቀለም እስከተሠመረው ሰማያዊ መስመር ትሞላለች። የቀረው በእጇ ነው፦ አራት እፍኝ ፉርሽካ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የተረፈው ፋጉሎ ሁለት እፍኝ፣ ደርቆ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት አንድ እፍኝ፣ በመጨረሻም አንድ ጭብጥ ጨው። ለዳክዬዎቹ ውሃ ታርከፈክፍበትና ታላቁጠዋለች። የጥንቸሎቹን ድርሻ ጨውና ፋጉሎ ሳይገባበት ቀድማ ታነሳና ከደረቅ ሣር ጋር ትሰጣቸዋለች። «ስንት ግራም ይሆናል?» ያላት ሰው «እጄ ያውቀዋል» ከሚለው ሌላ መልስ አግኝቶ አያውቅም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሠላሳ አራት ዓመት አብረው የኖሩት እንዴት እንደሆነ ለእኔም እንቆቅልሽ ነው። ሥራቸው የሚገናኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዶሮዎቹ የሚጥሉበት ሳጥን ውስጥ። አባቴ የማንንም ልብስ ሲያጠብብ ትርፉን ጨርቅ ከስፌቱ ሥር ቆርጦ ይጥላል። «ውስጡ ትርፍ የተወ ሰፊ፣ ሥራውን ያልጨረሰ ሰፊ ነው» ይላል፤ ደንበኛ ቢለምነው እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ቁራጩን እማዬ ትሰበስብና ለዶሮዎቹ ታነጥፍላቸዋለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መክሳታቸውን ከሚስታቸው ቀድመው ያወቁት የእኛ ዶሮዎች ናቸው።

ታዲያ እማዬ ሆዷን ታመመችና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። አምስት ሳምንት ሆስፒታል ትቆያለች አሉን። የምትሄድ ጠዋት አባቴን ባልዲው አጠገብ አቁማ ሁሉንም አስረዳችው። እሱም ልብስ በሚቀድበት ወረቀት ላይ ጽፎ ከደንበኞቹ ልኬት ጎን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወገብ በታች «ፋጉሎ፦ ሁለት እፍኝ» ይል ነበር።

መኪና ውስጥ እጄን ይዛ «ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሱኝ እነሱ ናቸው» አለችኝ። «ስመለስ እቆጥራቸዋለሁ። እነሱ ከሌሉ ግን የምነሳ እንዳይመስልሽ።»

እማዬ ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየኋት። ይህንኑ ለአባቴ ስነግረው ሄዶ የዶሮዎቹን በር መቀርቀሪያ አጠበቀ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድም ሳያጎድል ሠራ። በአምስተኛው ቀን ዶሮዎቹ ውሃ ላይ ተተከሉ። በቀን አንዴ ይሞላ የነበረው ገንዳ ሦስቴም አልበቃ አለ። አባቴ ገንዳው ያፈሳል ብሎ ገልብጦ ለካው፣ መረመረው፣ ቀዳዳ ሲያጣ ቀዳዳ ሊኖርበት ይችል የነበረውን ቦታ በሙጫ ደፈነው። የቤታቸው ወለል ረጠበ። ዘጠኝ እንቁላል ይገኝበት ከነበረው ሳጥን አራት ይገኝ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን አንዷ ዳክዬ ተኝታ ሳትነሳ ቀረች።

አባቴ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አለ። ቀጥሎ የጎረቤት ድመት ነው አለ፤ ድመቷ ዳክዬዎቹን ስታይ አጥር የምትዘል ፈሪ ናት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ፋጉሎውን የገዛሽው ከየት ነው?»

«እማዬ ከምትገዛበት።»

«አሽትተሽዋል?»

«አንተ ሰው ስትለካ ታሸታለህ?» አልኩት። እኔም ክፉ ቀን ሲገጥመኝ አፌን የምሰበስብ ሰው አይደለሁም።

ሆድና ጀርባ ሆንን። ሦስት ቀን ሙሉ የተነጋገርነው በጥንቸሎቹ በኩል ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ «እናንተ፣ ራት ቀርቧል፤ የሚበላ ካለ ይምጣ» እላለሁ። እሱ ሣር እየሰጣቸው «የእኔን መነጽር ያነሳ ሰው ካለ ይመልስ» ይላል። ጥንቸሎቹ በበኩላቸው ከማናችንም ወገን አልቆሙም።

እሑድ እማዬን ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ደረጃው ላይ የግዳችንን ታርቀን አንድ ነገር ተስማማን፦ ስለ ዳክዬዋ አይነገራትም። ክፍሉ እንደገባን፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ፣ አባቴ «አንዷ ዳክዬ ሞተች» አለ።

እማዬ አልጋው ላይ ሆና እንኳ ከእኛ የምትሻለው እሷ ናት፤ አልጮኸችም፤ ምን እንደሚበሉ ብቻ ጠየቀች። እሱም ወረቀቱን በቃሉ ወጣው። መስመሩ ድረስ በቆሎ፣ አራት እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ፣ አንድ እፍኝ፣ አንድ ጭብጥ።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

መዳፏን መዳፉ ላይ ገጠመችው። የእሷ ጣቶች የእሱ ሁለተኛ አንጓ ጋ አለቁ። እዚያው እንደያዘችው መሳቅ ጀመረች፤ ስፌቱ እያመማት በሌላ እጇ ሆዷን ደግፋ ሳቀች።

«ይሄ እጅ ነው አካፋ? በዚህ ነው ጨው የጨበጥክላቸው?»

ያኔ ገባን። በቆሎው በባልዲ ስለሆነ አልተለወጠም፤ ሌላው ሁሉ ግን በአባቴ እጅ እጥፍ ሆኗል፤ ከሁሉም የከፋው ጨው ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ የለካ ሰውዬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የያዘውን እጅ መለካት አልመጣለትም። አንገቱን ደፋ። እኔም ስለ ድመቷ ስም መጥፋት አንድ ነገር ልናገር አሰብኩና ተውኩት።

በማግስቱ ፉርሽካና ጨው በወረቀት ከረጢት ቋጥሮ ሆስፒታል ይዞ ገባ። ነርሷ በር ላይ አቆመችው።

«አባባ፣ የታካሚ ምግብ ነው?»

«አይ፣ የዶሮ ነው» አላት። ዛሬም እንዴት እንዳሳለፈችው አላውቅም።

አልጋው ላይ ጨርቅ አንጥፎ «እንደ ልማድሽ ዝገኚ» አላት። እማዬ ያኔ ገና አልከሳችም ነበር። በሁለት እጇ ሙሉ እፍኝ አነሳች፤ እሱ ከቤት ሰፍቶ ባመጣው ከረጢት ተቀበላትና የደረሰበትን በጠመኔ አሠመረ። ለጨውም ሌላ ትንሽ ከረጢት ነበረው። ቤት ሲመለስ ሁለቱንም መስመሮች በቀይ ክር ሰፋቸው። ነርሷ ከአንሶላው ላይ ፉርሽካ ስታራግፍ ሦስት ቀን ከረመች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰው ሆነ። ቀዩ ክር ድረስ ይሞላል፣ ይደፋል፣ ይሞላል። ዶሮዎቹ ውሃውን ትተው ወደ መጫራቸው ተመለሱ፤ እንቁላሉም ዘጠኝ ገባ። እሱና እኔም በቀጥታ መነጋገር ጀመርን፤ ጥንቸሎቹ ሳይገላገሉ አልቀሩም።

እማዬ የተመለሰች ቀን በር ላይ ቆመን ጠበቅናት። ከመኪናው ስትወርድ የአባቴ ዓይን ከትከሻዋ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ እጅ አንጓዋ ሮጠ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ቁጥር አልጠራም። ለክቶ ዝም ሲል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ጓሮ ገብታ ቆጠረች። «ሃያ» አለች። ስትሄድ ከተወችው አንድ ቢጎድልም፣ «ሃያ ደህና ነው» አለች።

በዚያ ሳምንት፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ስታሸልብ፣ አባቴ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጣ በአሁኑ ልኳ አጠበባቸው። እማዬ ግን ምኑንም አላወቀችም። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር ስትል «አያችሁ፣ ፈርቼ ነው እንጂ ያን ያህል አልከሳሁም። ልብሴ እንደ ድሮው ልኬ ነው» አለችን። አባቴ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጎንበስ አለ፤ መርፌው ክር ነበረበት።

በመጣች በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ባልዲዋን ተቀብላው ነበር። «ከረጢትህን ለራስህ ያዝ። እጄ መጥቷል።»

አንድ ቀን ማልጄ ብወጣ፣ እማዬ ቀላቅላ ልታርፍ ገብታለች፤ አባቴ ግን ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከኮቱ ኪስ ፉርሽካ ያወጣል። ከሌላው ኪስ ፋጉሎ። ቅርፊቱ የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መሐረብ የሚቀመጥበት።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች። እጇ ቀንሷል።» እጁን መልሶ ወደ ኪሱ ሰደደ። «እፍኟ እንደ በፊቱ አይሞላም። የጎደለውን ነው።»

አንጀቴን በላው። ጥንቸሎቹ ጋ ሄጄ አለቀስኩ፤ ምስጢር የምንነግረው ለእነሱ መሆኑን ለምደን የለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ነገሩን ያወጣው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሱፍ ነው። ሰውየው መጥቶ ሲለካው ከእጅጌው ውስጥ ፉርሽካ ረገፈ። አሸተተው። «ይቅርታ፣ ይሄ ልብስ ዶሮ ቤት ነው እንዴ የተሰፋው?» ሲል እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትመርጥ ነበር። ውሸት የማይችልበት አባቴ «አቧራ ነው» አለ። እማዬ የአባቴን ኮት ኪስ አየች፤ ከዚያ ቁልፎቿን መምረጥ ቀጠለች።

በማግስቱ በቆሎውን መስመሩ ድረስ ሞልታ «ከረጢቱን አምጣ» አለችው።

ይዞ መጣ። እማዬ ሁለት እጇን ገጥማ ፉርሽካ ዘገነችና ከረጢቱ ውስጥ አፈሰሰችው። ከቀዩ ክር በታች ሁለት ጣት ጎደለ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ደግማ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሞላልኝ?»

«ከመጣሽ ማግስት።»

ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ልታለቅስ ነው ብዬ ተከተልኳት። እሷ ግን ሰማያዊውን ቀሚስ ከመስቀያው አውርዳ ገለበጠችው። በግራና በቀኝ ስፌቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ጣት ጨርቅ ታጥፎ፣ በላላ ስፌት ተይዞ ተኝቷል። ቡናማውንም ገለበጠችው፤ እንደዚያው ነው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። አንድም ቦታ መቀስ አልነካቸውም።

ቀሚሱን እንደተገለበጠ ይዛ ወጣች።

«ይሄን ትርፍ ለምን አልቆረጥከውም? ዶሮዎቹ ጨርቅ አልቆባቸዋል።»

አባቴ ከረጢቱን አየ እንጂ እሷን አላየም። «ይፈለጋል።»

«ማን ነው የሚፈልገው?»

«አንቺ ነሻ። ወደ ድሮው ልክሽ ስትመለሺ ልተረትረው ነዋ።»

እማዬ ቀሚሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የዓይኗን እንባ በዚያው በትርፉ ጨርቅ ጠረገች።

«ቀዩን ክር እንዳትነካው» አለችው። «እደርስበታለሁ።»

«አልነካውም።»

ከረጢቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እሱም በዚያ በአካፋ እጁ፣ አሁን በግልጽ፣ ፉርሽካ ቆንጠር እያደረገ ጨመረ፤ ክሩ ጋ ሲደርስ አቆመ። ዶሮዎቹ ጥበቃው ሰልችቷቸው እግራቸው ሥር ገብተዋል። እጁ ወደ ጨው ቆርቆሮው ሲሄድ እማዬ መታ አደረገችው።

«እሱን እኔ ነኝ የምጨብጠው» አለች።