በልምምድ የሞትኩ ቀን

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ፤ ያውም በሥራ ሰዓት፣ በደብዳቤ ታዝዤ። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም ሳወራው እስቃለሁ። ግን ከነገሩ ውስጥ አንዷ ነገር እስካሁን አልለቀቀችኝም፤ የምጽፈውም እሷን ብዬ ነው።

ሐረር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጡና ለሁለት ቀን አሠለጠኑን። ርእሱ የሽብር ጥቃት ቢደርስ ምን ያህል ዝግጁ ነን የሚል ነው። “ክልላችን ትንሽ ናት፣ ማን ያስታውሰናል ብላችሁ እንዳትዘናጉ” አሉን። ከኋላ የተቀመጠ ሾፌራችን “በጀት ሲመደብ ነው የማያስታውሱን” ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

በሦስተኛው ቀን የተግባር ልምምድ እንደሚደረግ ተነገረን። ቦታው ኤረር በር፣ ገበያው ጥግ ነው። ቦምብ ፈንድቷል ይባላል። ፖሊስ አካባቢውን ይዘጋል፣ የጤና ባለሙያዎች ቁስለኛውን ይለያሉ፣ አምቡላንስ ያመላልሳል፣ ሆስፒታል ይቀበላል። ቁስለኛውና ሟቹ እኛ ሠራተኞቹ ነን። ለከባድ ቁስለኛ ቀይ ካርድ፣ ለመካከለኛ ቢጫ፣ ለቀላል አረንጓዴ፣ ለሟች ጥቁር።

ሁሉም ሰው ቀላል ቁስለኛ መሆን ፈለገ። ዕጣ ወጣ። ጥቁሩ ለእኔ ደረሰ። “ምን አለብህ፣ ተኝተህ ነው የምትውለው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መጮህ የለ፣ ማቃሰት የለ።

አንድ ቅጽም ፈረምን። “ስለ ልምምዱ ለቤተሰቤ አስታውቄያለሁ” ይላል። እኔ ለማንም አላስታወቅኩም። ቤት ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እናቴ ደግሞ ስለ ሞት በጨዋታ እንኳን ሲወራ አትወድም። “ስሙን ከጠራኸው አቤት ይላል” ትላለች። ነጭ ጨርቅ ተሸፍኜ መንገድ ላይ ልጋደም ነው ብላት “አንተ ሟርተኛ!” ብላ በሩን ቆልፋ ታስቀረኝ ነበር። ደም ግፊትም አለባት። ስለዚህ ለጤናዋ ብዬ ዝም አልኩ። ለጤናዋ ብዬ! ያኔ ይህን ከልቤ አምኜበት ነበር።

በዋዜማው ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ጀጎልን እየዞረ በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ “ነገ ልምምድ ነው፣ እንዳትደናገጡ” ሲል ዋለ። የከተማው ሰው ሰማ። የኤረር በር ገበያ ግን የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። በማለዳ ከድሬ ጠያራ ገጠር ዕቃቸውን ይዘው የሚመጡት መኪናውን የት አግኝተው ይሰሙታል? ይህ ለማናችንም አልታየንም።

ከእነሱ አንዷ አዴ ፈጡማ ናቸው፤ አዴ እኛ ጋ እንደ “እትዬ” ነው። ድንችና ቀይ ሽንኩርት ይሸጣሉ። እናቴ ከእሳቸው ሌላ ደንበኛ የላትም፤ ሽንኩርቱ ቢበሰብስም ከእሳቸው ትገዛለች። በዒድ እሷ፣ በፋሲካ እሳቸው ሳይጠያየቁ ቀርተው አያውቁም። እኔን በጀርባ ከታዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ ያውቁኛል።

ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ። ድንጋዩ ላይ ተጋደምን። ሸሚዛችን ላይ ቀይ ቀለም ተረጨ፣ ጥቁሩ ካርድ እጄ ላይ ታሰረ። ፎቶ እንዳናነሳ ብለው ስልካችንን አስቀድመው ሰብስበውታል።

አሠልጣኙ “እውነተኛ ፍንዳታ ሲሆን ሕዝቡ መሸሽ አለበት፣ ሁለተኛ ቦምብ ሊኖር ይችላል” ብለውን ነበር። የሐረር ሰው ይሸሻል እንዴ? እዚህ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው “ምንድነው?” ሳይል አያልፍም። ገመዱ ጋ ሕዝብ ተከመረ። ልምምድ መሆኑን እያወቁ ውሃ ይዘው የመጡ ነበሩ። አንዲት ሴትዮ ቀይ ካርድ ለደረሰው ባልደረባችን “ድንጋዩ ይቀዘቅዘዋል፣ ኧረ ይነጠፍለት” እያሉ ምንጣፍ ይዘው ከፖሊስ ጋር ተጨቃጨቁ። ልምምዱን የሚመዝኑት ገምጋሚዎች ይህን ሁሉ ይጽፋሉ።

ነርሷ መጣች። አንገቴን ዳሰሰች፣ ካርዴን አየች፣ አንሶላውን ወደ ላይ ሳበችው። ፊቴን ከመሸፈኑ በፊት ከገመዱ ማዶ ጩኸት ሰማሁ።

“ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! የአስካለ ልጅ!”

አዴ ፈጡማ ናቸው። ድምፃቸውን የትም አልስተውም።

ገመዱ ላይ የቆመው ፖሊስ “አዴ፣ ልምምድ ነው። አልሞተም፣ ደህና ነው” ሲላቸው ሰማሁ።

የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሞት በቀጥታ አይነገርም። ሩቅ ያለ ዘመድ “ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል” ይባላል። በመንገድ ቢጠይቅ “ኧረ ደህና ነው” ይሉታል። መርዶው የሚነገረው ቤት ተደርሶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ ነው። እና በቀይ የተነከረ ሰው ራሱ ድረስ ተሸፍኖ አጠገቡ ፖሊስ ቆሞ “ደህና ነው” ሲል፣ አዴ ፈጡማ ምን ብለው ይረዱት? “ልምምድ ነው” ያላቸውንም ማረጋጊያ ነው ብለው ወሰዱት።

“እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥልኝ” አሉት። ከዚያ እያለቀሱ “ለአስካለ ማን ይንገራት? ያ አላህ! እኔው ልሂድ” አሉ። አጠገባቸው ላለች ሴት “ዕቃዬን እይልኝ” ሲሉም ሰማሁ።

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንሶላው ስስ ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው። “አዴ፣ አለሁ” ብል ይበቃ ነበር። ብድግ ብዬ ብቀመጥ ይበቃ ነበር። አልተነሳሁም። አሠልጣኙ “ምንም ቢፈጠር ሟች አይንቀሳቀስም” ብለዋል። ገምጋሚው እግሬ ሥር ቆሟል፣ አለቃዬ ማዶ ሆኖ ያያል። በሰው ፊት ልምምዱን አበላሸ መባልን ፈራሁ። ደግሞ ፖሊሱ ነግሯቸዋል፣ ቆይቶ ይገባቸዋል አልኩ ለራሴ። ጎበዝ ሟች ነበርኩ።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ በኋላ ነው።

አዴ ፈጡማ ባጃጅ ይዘው ቤታችን ደረሱ። ቤታችን ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ነው፤ ባለ ድምፅ ማጉያው መኪና እዚያ አልደረሰም። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለምና አዴ ፈጡማ ሰው እስኪመጣ ሊጠብቁ አሰቡ። “ደክሞኝ ነው፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ” አሉና አጠገቧ ቁጭ አሉ። በገበያ ሰዓት፣ ዕቃቸውን ጥለው።

“ምነው ፈጡማ፣ አመመሽ እንዴ?” አለች እናቴ።

“ደህና ነኝ።”

ውሃ ሰጠቻቸው፤ አልጠጡም። የባጃጁ ነጂ ሲያለቅሱ ስላያቸው አንጀቱ አልችል ብሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ፖሊሱ ደግሞ ደግ ሰው ኖሮ ነገሩን በሬዲዮ አሳውቋል። የልምምዱ አስተባባሪ አቶ ሙክታር ሲሰሙ ደነገጡ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ክፋት አያውቁም። “እናትየው ከወሬ ከሚሰሙ እኛው ሄደን እናረጋጋቸው” አሉና በዕድሜ የገፉ ሁለት ባልደረቦቻችንን ይዘው ሄዱ። መንደራችን መኪና ስለማያስገባ ዋናው መንገድ ላይ ወርደው በእግር ገቡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሦስቱም ኮት የለበሱ፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ። አቶ ሙክታር ደጃችን ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

“እትዬ አስካለ፣ በመጀመሪያ እንዳይደነግጡ። ልጅዎ ደህና ነው።”

እናቴ ዞራ አዴ ፈጡማን አየች። አዴ ፈጡማ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ሰፌዱን እንደያዘች ወደ ጎን ወደቀች።

አቶ ሙክታር አምቡላንስ ጠሩ። አምቡላንሶቹ በሙሉ ኤረር በር ነበሩ፣ እኛን ሊያመላልሱ። የባጃጁ ነጂ “ምን ትጠብቃላችሁ፣ አምጧቸው!” አለ። ጎረቤታችን ዘነበች እናቴን ታቅፋ ገባችና ወደ ሆስፒታል በረሩ።

እኔም በዚያን ሰዓት ሆስፒታል ደርሻለሁ። ሟች የሚጫነው መጨረሻ ነው፤ ሲደርስም የሚቸኩልለት የለም። ከነቃሬዛዬ ኮሪደር ላይ አስቀምጠውኝ ሄዱ። እንደ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። በር ላይ ጥበቃው ሲጠይቅ ሰማሁ።

“እኚህ የልምምድ ናቸው የእውነት?”

“የምን ልምምድ ነው የምታወራው አንተ!” ስትል የዘነበችን ድምፅ ለየሁት። “እትዬ አስካለ ናቸው! ልጃቸው ሞቶባቸው ነው!”

ያኔ ተነሳሁ። አንሶላው ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ሸሚዜ ቀይ እንደሆነ ብድግ አልኩ። ዘነበች አየችኝና “በስመ አብ!” ብላ እናቴን ለቀቀቻት፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ደግነቱ እናቴን የባጃጁ ነጂ ደግፏታል። ሐኪሞቹ ባለ ቀይ ካርዶችን ተቀብለው ጓንታቸውን ሳያወልቁ ገና በር ላይ ተሰልፈው ነበርና አንዲት ደቂቃ አላባከኑም፤ ተሻምተው አልጋ ላይ አወጧት።

ዓይኗ ተገልጧል። አፏ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ቀለሙን አየች፣ ነጩን ጨርቅ አየች፣ ፊቴን አየች። በተኮላተፈ አንደበት ጠየቀችኝ።

“ከሁለታችን የሞተው ማነው?”

“ማንም አልሞተም እማዬ። ደህና ነኝ” አልኳት።

ደህና ነኝ! ሌላ ቃል ጠፋ። አላመነችኝም። በቀኝ እጇ ክንዴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ዳሰሰች። እየገፉ ሲያስገቧት እንኳን ጣቴን አለቀቀችም፤ ነርሷ ናት በግድ ያላቀቀቻት።

ትንሽ ቆይቶ አዴ ፈጡማ ከነ አቶ ሙክታር ጋር ደረሱ። ሲያዩኝ መጀመሪያ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ መጥተው በጡጫ ደረቴን መቱኝ፤ ደጋግመው መቱኝ፤ ቀጥለው አቅፈውኝ አለቀሱ።

“አለህ? ወላሂ አለህ? እዚያ ቆሜ ስጮህ ድምፄን አልሰማህም?”

አቶ ሙክታር ያያሉ። ዘነበች ታያለች። አዴ ፈጡማ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው መልስ ይጠብቃሉ።

“አልሰማሁም” አልኩ።

እናቴ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ወጣች። ዛሬ ትናገራለች፣ ትሄዳለች፤ ግራ እጇ ግን ዕቃ አጥብቆ አይዝም። ሐኪሙ “በጊዜ ስለደረሱ ነው የተረፉት” አለኝ። ልምምዱ ባይኖር አትወድቅም ነበር። ልምምዱ ባይኖር ደግሞ በወደቀች ቀን በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃት ሐኪም አይኖርም ነበር።

በግምገማው ስብሰባ ልምምዱ “በአመዛኙ የተሳካ” ተባለ። የአምቡላንሱ ጉዳይ ተነሳ። ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ በዕለቱ ጠዋት ገበያው ላይ እንዲነገረው ተወሰነ፤ ይኼ ጥሩ ነው። ቃለ ጉባኤውን መዝገብ ቤት ያስገባሁት ራሴ ነኝ። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ “አንድ ሟች ልምምዱ ሳይጠናቀቅ ያለ ፈቃድ ከቦታው ተነስቷል።” ማኅተም አለው። ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ “ሟቹ መጣ” እያሉ ያበሽቁኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዝግጁ ነን ወይ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህን ነው። በእኛ ከተማ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ እናቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አይጠፋም። በአሠልጣኙ ወረቀት ላይ ይህ አልነበረም። ይጥቀመን ይጉዳን ግን አላውቅም።

አዴ ፈጡማ አሁንም ቤታችን ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር “በእኔ ነው አስካለ፣ ወላሂ በእኔ ነው” ይላሉ። እናቴ ታጽናናቸዋለች። ጎረቤት ደግሞ እኔን ይወቅሳል፤ “ምነው ቀደም ብለህ ብትነግራቸው ኖሮ?” ይለኛል። እናቴ ትቆጣለች።

“ተዉት ልጄን! ተሸፍኖ ተኝቶ ምኑን ያውቃል? የፈጡማን ድምፅ ቢሰማ ኖሮ አንዲት ደቂቃ አይተኛም ነበር” ትላለች።

እንዲህ ስትል ሁሌም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ለእናንተ ለማላውቃችሁ ይኸው ነገርኩ። ለእሷ ግን አልቻልኩም።