የጋሽ ሐሙስ መንጋጋ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሐሙስ ነው። ሥራው ልብስ ስፌት ሲሆን ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሁሉ «ሐሙስ ናና ውሰድ» ይላል። ውሸታም እንዳትሉት፤ ሐሙስ አለ እንጂ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ መቼ ተናገረ? ለሠርጉ ሱፍ ያዘዘ አንድ ሙሽራ ልብሱን የተረከበው የመጀመሪያ ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ወገቡ ሰፍቶ ስለነበር ሱሪው እንደገና ተፈታ። ማስፊያውን ለብቻ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። ምን ያድርግ፣ ስፌቱ እንደሁ እንከን አይወጣለትም።

ዋጋ አነጋገሩም የታወቀ ነው። «ኮት ስንት ትሰፋለህ?» ሲሉት መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ከመቅለሉ የተነሳ ደንበኛው በልቡ «አገኘሁት ሞኝ» ይላል። ከዚያ ጋሽ ሐሙስ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሦስት ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ ረጋ ብሎ ይጀምራል። «ገበሩ ለብቻ ነው። ቁልፉም ለብቻ። የውስጥ ኪስ ትፈልጋለህ? እሱም ለብቻ ነው።» «ሰሞኑን ሆዴ ትንሽ ወጣ ብሏል» የሚል ቃል ያመለጠው ሰው፣ የሆዱንም ይከፍላል። ብልጥ ደንበኛ ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም። ይህን ከጋሽ ሐሙስ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ እውቀቱ ነው።

መደርደሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። የሚስቱ ነው። ቀሚስ ልሰፋልሽ ብሎ ከለካት ዘጠኝ ዓመት ሞላው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስትጠይቀው እንደ ሰው ሁሉ «ሐሙስ» ይላት ነበር። አሁን መጠየቁን ትታዋለች።

ወደ ጥርሱ እንምጣ። ጋሽ ሐሙስ ስለታም መቀስ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ነው። ለምን ሲሉት «መቀስ ይደነዝዛል» ይላል። ጥርስ ግን አይደነዝዝም መሰለው! አንድ ሰሞን የመጨረሻው መንጋጋው በግራ በኩል ጠዘጠዘው። ቅርንፉድ ያዘበት፤ ሁለት ሳምንት ዝም አለለት፤ ደግሞ ተነሳ። ጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጩ «ጉጠት አለኝ፣ በነጻ ልንቀልልህ» አለው። ነጻ የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ትንሽ አሰበበት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉንጩ አብጦ ስፒሎቹ ከከንፈሩ እየሾለኩ ወደቁ፤ አፉም ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ። ይሄኔ ሚስቱ ጃኬቱን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችና «ተነስ» አለችው።

ሐኪሟ ለጋ ሴት ናት፤ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነው ሥራዋ። የአፉን ራጅ መብራት ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶ አሳየችው። «ይኸውልዎት አባቴ፣ ይቺ ጥርስ ቀጥ ብላ መውጣት ሲገባት ድድ ውስጥ ተጋድማለች። ጎረቤቷን እየገፋች ነው። መጀመሪያ ቁስለቱ እንዲበርድ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከዚያ ድዱን ከፍቼ፣ ጥርሷን ለሁለት ከፍዬ አወጣትና እሰፋዋለሁ። ጠልቃ ስላለች በማስተኛ መድኃኒት ነው የምንሠራው።»

ይህን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ። ሚስቱ መድኃኒቱን ልትገዛ ወረደች፤ እሱ የዋጋ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠው። ጋሽ ሐሙስ ገንዘብ የሚቆጥረው በሱሪ ነው። አንድ ሱሪ ሰፍቶ የሚያገኘውን ይይዝና የዓለምን ዋጋ ሁሉ በዚያ ይመትራል። ራጅ አንድ ሱሪ። ማስተኛው ሦስት ሱሪ። ቀዶ ጥገናው አምስት። መድኃኒት አንድ። ክትትል ግማሽ። ከታች ደግሞ «ስፌት» ይላል፤ ግማሽ ሱሪ። ጠቅላላ አሥራ አንድ ሱሪ!

«ስፌት ለብቻ ነው?» አለ፣ በተያያዘ መንጋጋው።

«አዎ፣ ለብቻ ነው» አለች ሐኪሟ።

የእጁን አገኘ ማለት ይሄ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን «ገበሩ ለብቻ ነው» እያለ ያስለቀሰ ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቆጣ። «ዶክተር፣ ልብስ የቀደደ ሰው እኮ መልሶ መስፋቱ ግዴታው ነው! እርስዎ ናቸው የቀደዱት!» አለ። አልሠራም። ድምፁን አለሳልሶ ወደ «የኔ ልጅ» ዞረ። «የኔ ልጅ፣ ስንት ጥልፍ ነው? አራት? አምስት? ክሩን እኔ ላምጣልሽ። የማይበጠስ የሱፍ ክር አለኝ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «የእኛ ክር ድድ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው፤ የእርስዎን እዚያ ብንተወው ይመረቅዛል። ዋጋውን አስቀድመን የምንጽፈው ኋላ እንዳይደነግጡ ነው። ከከበደዎት በሁለት ጊዜ መክፈል ይችላሉ። ሌላ የሚጨምር ነገር ከመጣም ሳንነግርዎት አንሠራም።»

ከዚህ ሁሉ ደግ ንግግር ጋሽ ሐሙስ ጆሮ ውስጥ የቀረችው «የሚጨምር» የምትለዋ ናት። ወዲያው የጤና መጠይቅ የሚባል ወረቀት ሰጡትና ጥግ ላይ ተቀምጦ መሙላት ጀመረ። ወረቀቱን ገና ሲያየው ገባው፤ ይሄ እኮ የእሱው ዘዴ ነው! «ኪስ ትፈልጋለህ?» ማለት ነው። አዎ ያልክ ለት ከፈልክ። የደም ግፊት አለብዎት? የለም። የስኳር ሕመም? የለም። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ? የለም። በዕድሜው ሁሉ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆም አለ። አምና ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናው ላይ ተጎልቶ ሲውል ባቱ አብጦ፣ እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከራት ጋር አንዲት ክኒን ይውጣል። ይውጣል እንኳ አይባልም፤ ሚስቱ ናት መዳፉ ላይ የምታስቀምጥለት። ክኒን የሚስቱ ሥራ ነው፤ እሱን አይመለከተውም። «ይህቺንማ ካልኩ ሁለት ሱሪ ናት» ብሎ በልቡ ሒሳቡን ሠራና «የለም» ጻፈ። ፈረመም። ሚስቱ መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ወረቀቱ ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

ያን ሳምንት ቤቱ ለዘመቻ የሚዘጋጅ መሰለ። ሚስቱ የቅድመ ዝግጅቱን ወረቀት መስተዋቱ ላይ ለጥፋ በየቀኑ ታነብለታለች። ከቀጠሮው ስምንት ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ምግብ የለም። ብቻዎን መምጣት የለም፤ የሚመልስዎ ሰው ይኑር። ሰፋ ያለ፣ እጀ አጭር ልብስ ይልበሱ። ይህቺን ሲሰማ ጋሽ ሐሙስ ተነሳና ከሰዓት በኋላውን ለራሱ አንድ የሚያምር ሰፊ ሸሚዝ ሰፋ። በአንድ ከሰዓት! ኮሌታውን ሳይቀር!

ሚስቱ ድንች እየቀቀለች በበሩ በኩል አየችው። «ለራስህስ ሐሙስን አልጠበቅክም» አለች።

«ይሄማ የሕክምና ጉዳይ ነው» አለ።

የወረቀቱ መጨረሻ «የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይምጡ» ይላል። ሚስቱ የክኒኑን እቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እሱ ዞር ስትል አወጣና ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀበረው። በዚያ መሳቢያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲደብቅ የኖረውን ሁሉ ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታገኘው ኖራለች። ጠዋት ሲወጡ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንዳሰበ አልገባትም፤ ሞኝነቱ ነው ብላ ተወችው።

በቀጠሮው ቀን ከኋላ የሚታሰር ጋውን አለበሱት። ጠርዙን ገልብጦ አየና «ማነው ይሄን የሰፋው? እጁን መያዝ ነበር» አለ። ወንበሩ ላይ ጋደም አደረጉት። ነርሷ ክንዱን አስራ የደም ሥር መፈለግ ጀመረች። ሚስቱ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች፤ እንቅልፉ እስኪወስደው ድረስ ፈቅደውላት ነው። ሐኪሟ ጓንቷን ከማጥለቋ በፊት መጠይቁን አንስታ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው።

«የደም ግፊት የለብዎትም። ስኳር የለብዎትም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አይወስዱም። ልክ ነው አባቴ?»

«ልክ ነው» አለ ጋሽ ሐሙስ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

ሚስቱ መጣች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የክኒኑን እቃ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አደረገችው።

ሐኪሟ የእቃውን ጽሑፍ አነበበች። ነርሷ የክንዱን ማሰሪያ ፈታች። ለጋዋ ሐኪም ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ከፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ጠፍቷል። «አባቴ፣ ይህን ሳላውቅ ብቆርጥዎት ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ? ደሙ አልቆም ሊለኝ ይችል ነበር። እርስዎ ተኝተዋል፣ ደሙ ወደ ጉሮሮዎ ይወርዳል። ለምን ደበቁኝ?»

«ስንት ይጨምራል?» አለ ጋሽ ሐሙስ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ምኑ?»

«የ... የማቅጠኛው።»

ሐኪሟ አሁን ገባት። «አንድ የደም ምርመራ ነው» ብላ ዋጋውን ነገረችው።

ጋሽ ሐሙስ በልቡ መተረው። ግማሽ ሱሪ። የሱሪ አንድ እግር።

«ክኒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ። ካዘዘልዎት ሐኪም ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ እሱ በሚለን መሠረት እንሠራለን። ለዛሬ ይልበሱና ይሂዱ» አለች ሐኪሟ እየተነሳች።

«መቼ ልምጣ?»

«ሐሙስ።»

«የትኛው ሐሙስ?» አለ ጋሽ ሐሙስ፣ ከልቡ ደንግጦ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ጮክ ብላ አይደለም፤ በለሆሳስ፣ ቦርሳዋን እንደታቀፈች። ጋሽ ሐሙስ ጀርባው የተከፈተ ጋውን እንደለበሰ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጋውኑን ይዞ፣ አጠገቧ ቆመ።

«የባዳን ወገብ ስትለካ በግማሽ ሳንቲ ሜትር አትሳሳትም» አለችው። «ለአንድ የሱሪ እግር ብለህ ባል አልባ ልታደርገኝ ነበር። በየማታው ያንን ክኒን መዳፍህ ላይ የማስቀምጠው እጄን ስለበላኝ መሰለህ? ፈራሁ! ሰምተሃል? አምና እግርህ ሲያብጥ ጀምሮ ፈርቼ ነው የምኖረው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እሱ ራሱ ለስንት ሰው ተርቷል! «አጥፍቻለሁ» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ አዲስ ስለሆነበት ሁለት ጊዜ ደገመው።

ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። ጥርሷ ወጣች፤ አምስት ጥልፍ ተሰፋ። አሥራ አንድ ሱሪ ከአንድ እግር። ሲነቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መስተዋት አስመጥቶ ጥልፉን ለማየት መሞከር ነበር፤ ነርሷ «ጋዙን ይንከሱ፣ አፍዎን አይክፈቱ!» ብላ ቀማችው። ቤት ሲገቡ ሚስቱ ሁለተኛውን ወረቀት መስተዋቱ ላይ ለጠፈች። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉንጭ ላይ መያዝ። ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ምግብ። መትፋት የለም፣ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ የለም፣ መንፋት የለም፣ ብዙ ማውራት የለም። የመጨረሻዋን ስታነብ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ያለ መሰለው።

በማግስቱ ደንበኞች መጡ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። ጋሽ ሐሙስ ሱቁ ውስጥ በረዶውን ጉንጩ ላይ ይዞ ሲያንጎላጅ ቆየና ተነሳ። ወንበር ላይ ወጥቶ ከመደርደሪያው ጫፍ ጥቅሉን አወረደ። አቧራውን እፍ ሊል ጉንጩን ሲነፋ ሚስቱ ከኋላው «መንፋት ክልክል ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በእጁ የያዘውን አየች።

ጋዜጣውን ፈታ። ጨርቁ እጥፉ ላይ ትንሽ ነጣ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ከመኪናው ሥር አንድ ካርቶን አነሳና በመለኪያ ጠመኔው «ቁሚ» ብሎ ጻፈ። ቆመች። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቧን ለካ። የድሮውን ልክ በቃሉ ያውቀዋል፤ አራት ጣት ሰፍቷል። ትከሻዋ ደግሞ ጠበብ ብሏል። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ።

«ሐሙስ እንዳትለኝ ብቻ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ፤ አልልም።

«ዋጋውስ ስንት ነው?» አለች፣ እንደ ደንበኛ ቆጣ ብላ። «ኪስ እፈልጋለሁ። ሆዴም ትንሽ ወጥቷል።»

ካርቶኑን ገለበጠው። ጠመኔውን ይዞ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ ጻፈላት። «ከነገበሩ።»

አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ክንዷን ዘረጋችለት፤ እጅጌዋ ገና አልተለካም ነበር።