የምሰሶው ድምፅ

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው በሬዲዮ ስለ ከተማችን ሕንፃዎች ማውራት ጀመረ። ውበታቸውን አውርቶ ብቻ አይተውም፤ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ ግድግዳቸውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኳል። «ድምፁ ድፍን ከሆነ ጤና ነው፤ ባዶ ከሆነ ግን ሽሹ!» ይላል። ከመስማት ብዛት የእኔም ጆሮ ሠለጠነ።

ትናንት ቤት ሆኜ እየሰማሁት፣ እንግዳው ሳይመጣ ቀረበትና፣ ሰዓቱን ለመሙላት የስቱዲዮውን ምሰሶ አንኳኳ። ከላዩ ስምንት ፎቅ ተሸክሟል። ምሰሶው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ሞት የሚመስለው ሰውዬ ዝም አለ። ወዲያው ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ስልኩ በሬዲዮው ውስጥ ሲጠራ ሰማሁት።

«ይቅርታ አድማጮቼ» አለ ድምፁ ሰልሎ፣ «ባለቤቴ ናት። እሷም ሰምታዋለች ማለት ነው።»