የጋሼ እግር የቆመበት መስመር

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ላፍቶ በሚገኘው የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ስም አልጠራም፤ በተቀመጡበት ልንገራችሁ። ከበሩ በስተግራ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው የተማሪ ዩኒፎርም ይቆርጡ የነበሩት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። መስኮቱ ሥር፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ፣ የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ፣ በየቀኑ ከፉሪ የሚመላለሰው ወጣት ነበር፤ አባቱ ዛሬም ከአዳዲሶቹ ቤቶች ጀርባ በቀረችው መሬት ላይ ጤፍ ይዘራሉ። ካውያው አጠገብ በርጩማ ላይ፣ ቁልፍ የምትተክለውና የምትተኩሰው ልጅ ነበረች፤ እጇ ላይ መርፌ፣ ጭኗ ላይ ስልክ። አምስተኛው እኔ ነኝ። እግሩ የሚቆረጥ ሱሪ በፌስታል ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስረዳ።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው፤ ብሎግ እጽፋለሁ። መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። በሰፈር ውስጥ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ስለምወድ ያየሁትን በየሳምንቱ አሰፍራለሁ። የታክሲ ረዳት ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ በምን ይለያል? ባለሱቁ ደረቅ ሳሙና ሳይፈረፍር በክር የሚቆርጠው እንዴት ነው? ትልቅ መስታወት የሚሸከሙ ሰዎች ነፋስ ሲመጣ ወዴት ይዞራሉ? እንዲህ ያለ ነገር ነው የምጽፈው።

አንባቢ ግን አልነበረኝም። ለጀማሪ ብሎገሮች የሚሰጠውን ምክር ፈልጌ አነበብኩ፤ የተባልኩትንም ሞከርኩ። «ሰው የሚያስደነግጥ ርዕስ ስጥ» ሲባል፣ ስለ ረዳቶቹ ለጻፍኩት «ረዳቶች የማይነግሩህ ምስጢር» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ብዙ ሰው መጣ። ምስጢር አለመኖሩን ሲያይ ተመልሶ ሄደ፤ አንዱም በሳምንቱ አልተመለሰም። «በየቀኑ ጻፍ» ሲባል በየቀኑ ጻፍኩ፤ የምጽፈውን በደንብ ሳላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጎረቤቴ አጫጭር ቪዲዮ ይሠራል። ሁኔታዬን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ሰው ማንበብ ትቷል። ፊትህን አሳይ» አለኝ።

«ፊቴ ስለ ሳሙና ምን ያውቃል?» አልኩት።

«ባያውቅም ይታያል።»

በመጨረሻ ለእንቁጣጣሽ ብሎጉን ልዘጋው ቆረጥኩ። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር አንድ አስተያየት ሰጪ ነበረኝ። የአበባ ፎቶ የለጠፈ፣ ሁሌም ያው አንድ ሰው። ጸባዩ ግን አንድ አልነበረም። አንዱን ቅዳሜ «ልጄ፣ ጎበዝ ነህ፤ መግቢያህ ግን እንደ ጠበል ወረፋ ነው» ይላል። በሚቀጥለው፣ «ፍሬንድ፣ ሳሙና የሚቆርጥ ሰው ዝም አይልም፤ ምን እያወራ ነበር የሚቆርጠው?» በሌላው ደግሞ፣ «ፎቶዎችህ ፓኬጄን ጨረሱት።» አንድ ሰው በየሳምንቱ ዕድሜውም አነጋገሩም የሚለዋወጠው እንዴት ነው? ከመዝጋቴ በፊት ይህን ማወቅ ፈለግሁ። «ማን ነህ?» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ አጭር ነበር። «ነህ አትበል። ብዙ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ና፤ እግሩ የሚቆረጥ ሱሪ ካለህ ይዘህ ና።» ከሥሩ የቤቱ ምልክት ተጽፏል።

በሩ ላይ ቆሜ ማን እንደሆንኩ ስናገር መጀመሪያ የሳቀው የፉሪው ልጅ ነበር።

«አንተ ነህ? እኛ እኮ ጡረታ የወጣ ሰው መስለኸን ነበር!»

«ተወው፤ ይቀመጥ» አሉ እትዬ። ሱሪውን ከፌስታሉ አወጡና በዓይናቸው ለኩት። «ይሄ ሱሪ የማን ነው? የአንተ ወንድም ረጅም ነው እንዴ?»

ሲያስረዱኝ ነገሩ ገባኝ። እጃቸውም ዓይናቸውም በሥራ ተይዟል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ቁልፍ እየተከለች ጽሑፌን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ ሲያልቅ ተራው የደረሰው ሰው የሚለውን በእሷ ስልክ ትጽፍለታለች። የብሎጉ ቆጣሪ «አንድ አንባቢ» የሚለኝ ይህችን ክፍል ነው።

የዚያን ሳምንት ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ስለ ውሃ ታንከር ነው፤ እኔ ከምኖርበት አጠገብ ባለው ኮንዶሚኒየም ሦስት ሰዎች ትልቅ ባዶ ታንከር በገመድ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲጎትቱ አይቼ የጻፍኩት። ስታነብ ግን ከሦስተኛው አንቀጽ ጀመረች።

«መግቢያውን ለምን ዘለልሽው?» አልኳት።

«እንደምን ሰነበታችሁ የሚለውን? ሁልጊዜ ነው የምዘለው። እዚህ ያለነው ደህና ነን።»

የኤሌክትሪኩ መኪና ይጮኻል፤ እሷ ከሱ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ገመዱ ሰገነት ላይ ካለው ብረት ጋር እንዴት እንደታሰረ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስትደርስ መኪናው በድንገት ጸጥ አለ። በጣም የለፋሁበት አንቀጽ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

«መብራት ሄዶ ነው፣ ወንድም» አለ የፉሪው ልጅ። «ለአንተ ብዬ አይደለም።»

እትዬ መቀሳቸውን እስኪያስቀምጡ ሳቁ።

በዚያ ጸጥታ ግን እስካሁን የተሸፈነ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የጋሼ መኪና ነው። መብራት አያስፈልገውም፤ የሚነዳው እግራቸው ነው። ልጅቷ ማንበቧን ቀጠለች፤ እኔ የራሴን ጽሑፍ ትቼ የጋሼን እግር ማዳመጥ ጀመርኩ። የገመዱ ውፍረት ላይ እግሩ ፈጠነ። የታንከሩ ስፋት ላይ ይበልጥ ፈጠነ። ያስደስታል ያልኩት ምሳሌ ላይ እንዲያውም አዲስ እጅጌ አንስተው ጀመሩ። ከዚያ ልጅቷ ይህን አነበበች፤ «ታንከሩ በሁለተኛው ፎቅ ሲያልፍ አንዲት ሴት በመስኮት እጇን አውጥታ በጨርቅ ጠረገችው።»

እግሩ ቆመ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። «ታንከሩ የሷ ነው?»

«አይደለም፤ የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ጠረገችው?»

ያቺን ዓረፍተ ነገር አንቀጹ እንዲሞላ ብዬ ነበር ያስገባኋት።

«አልጠየቅኳትም» አልኩ።

«ገመዱን ለክተህ?»

«ገመድ አይሳደብማ ጋሼ» አለ የፉሪው ልጅ። «ሴትዮዋን ፈርቶ ነው። እኔ ልንገርዎ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትወደው ሰው አላት።»

«ዝም በል አንተ» አሉ እትዬ። «ውሃ ሲጠፋ ከነሱ ልትቀዳ ነው። የሚጠጣበት ዕቃ ቆሽሾ ሲያልፍ ዝም ትበል?»

«እናቴም እንዲህ ናት» አለች ልጅቷ። «በአጠገቧ የሚያልፍ ነገር ሳትጠርግ አታሳልፍም። እኔን ጭምር።»

ጋሼ ግምት አልሰጡም። «ጠይቀህ ንገረን» ብቻ አሉ፤ እግራቸውም እንደገና ተነሣ።

ልናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ለእንቁጣጣሽ ብሎጉን እንደምዘጋው ነገርኳቸው። የሚያነብ ሰው የለም አልኩ። የሚያነቡት ሰዎች ፊት ቆሜ ይህን ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል። እትዬ ቀና አሉ።

«ዝጋው፤ የራስህ ነው» አሉ። «ሴትዮዋን ማን ይጠይቅልናል ታዲያ?» ሱሪዬን አጣጥፈው ከጠረጴዛው ሥር ከተቱት። «መልሱን ስታመጣ ትወስደዋለህ።»

ሰኞ ወደዚያ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። የማላውቃትን ሴት በር አንኳኩቶ «ታንከር ለምን ጠረግሽ» ማለት ቀላል አይደለም። ስትከፍት ግን ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ነበረች።

«ያን ቀን ገመድ ሲለካ የነበረው ልጅ አይደለህም? ምነው፣ የጎደለ ነገር አለ?»

የጎደለውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ራሷም ማሰብ ጀመረች።

«መስኮቴን እንዳይመታብኝ ልገፋው ነበር እጄን የሰደድኩት» አለች። «ሲደርስ አልመታም። እጄ ግን ወጥቷል፤ ጨርቁም እጄ ላይ ነበር። የወጣ እጅ ባዶውን ይመለስ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ አላልኩም፤ ከሴትዮዋ በር ጀመርኩ። ፎቶ አንድ አስገባሁ፣ እሱንም አሳንሼ። ባለፈው ሳምንት ጥያቄውን ያነሣው ማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደገመተም ጻፍኩ። ለራሴም አንድ ነገር ወሰንኩ። የሴትዮዋ መልስ ሲነበብ የጋሼ እግር ከቆመ ብሎጉ ይቀጥላል፤ ካልቆመ ሱሪዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ስፌት ቤቱ ስደርስ የዚያን ዕለት መብራት ነበር። የፉሪው ልጅ ንባቡ ሲጀመር መኪናውን በገዛ እጁ አጠፋና ወደኔ ዞረ፤ «አሁን ለአንተ ነው፤ ልዩነቱን እወቀው።» ልጅቷ ምንም ሳትዘል አነበበች። ስለ ደረጃው የጻፍኩት ቦታ ላይ የጋሼ እግር ፈጠነ፤ ያ አንቀጽ ረዝሟል ማለት ነው፤ በኋላ አሳጠርኩት። ከዚያ «የወጣ እጅ ባዶውን ይመለስ?» ላይ ደረሰች።

እግሩ ቆመ። ካነበበች በኋላም ጥቂት ቆየ።

«እኔን አትመስልም?» አሉ እትዬ። «ከግምታችሁ ሁሉ የኔ ይቀርባል።»

«በየት በኩል እትዬ? እርስዎ ውሃ ነው ያሉት!» አለ የፉሪው ልጅ፤ ክርክሩም ቀጠለ። በክርክሩ መሃል እትዬ ሱሪዬን ሰጡኝና የሚቀጥለው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ መስታወት ተሸካሚዎች የቀረኝ ነገር እንዳለ ተናገርኩ። ብሎጉ ያልተዘጋው በዚህ ነው።

ቆጣሪው ከዚያ በኋላ ብዙም አልዘለለም። ቀስ እያለ ግን ይጨምራል፤ የሚመጣውም ሰው ይመለሳል። ብሎግ ልትጀምሩ ያሰባችሁ አንዳንዶቻችሁ ምን እንዳደረግሁ ስለምትጠይቁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቀን ቁረጡና አትቅሩበት፤ የኔ አንባቢዎች ቅዳሜን የሚጠብቁት ቁልፍ መትከያ ሰዓት አድርገውት ነው። የጻፋችሁትን እጁ ሥራ ላለበት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ከሚያመሰግናችሁ ወዳጅ ይልቅ ሥራውን የሚቀጥል ሰው እውነቱን ይነግራችኋል። ሰው የሚጠይቃችሁን ነገር ሄዳችሁ ጠይቁና መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ የጠየቀው ሰው መልሱን ለመስማት ይመጣል። ፎቶውን አሳንሱ፤ ፓኬጅ የሚገዛው አንባቢው ነው። ቆጣሪው ላይ «አንድ» ሲል ደግሞ ከስልኩ ዙሪያ ስንት ሰው እንዳለ አታውቁምና አትናቁት።

አሁን ስፌት ቤቱ ውስጥ ወደነበራችሁት ልመለስ። ሁላችሁም ይህን ቅዳሜ እንደምትሰሙት አውቃለሁ። እትዬ፣ ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ነበር ወይስ አረንጓዴ? እኔ ሰማያዊ ነው የሚመስለኝ። አንተ የፉሪው፣ መብራት የሄደው ገመዱ የታሰረበት ጋ ስንደርስ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? አንቺም ሳትነግሪኝ የዘለልሽው ሌላ አንቀጽ ካለ ጻፊልኝ።

ጋሼ፣ እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ እግርዎ ከቆመ በኋላ ጎንበስ ብለው የክሩን ጫፍ በምላስዎ ሲያርሱና ወደ መርፌው ሲያስገቡ አይቻለሁ። እግርዎን ያቆመው የሴትዮዋ መልስ ነው፣ ወይስ ክር ተበጥሶ ነው? ያን ዕለት መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅሁም። ክር ከሆነም ይንገሩኝ፤ ብሎጉን አልዘጋውም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።